አከራዩም ተከራዩም አንድ የሆነበት ሰፈር

በታላላቅ ከተሞች የቤት ኪራይ የሠራተኛውን ገቢ እየተሻማ መሄዱ የታወቀ ነው። ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ፥ ነዋሪዎች ትርፍ ሳይሹ በአባልነት ተሰብስበው ቤታቸውን የሚያስተዳድሩበት የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። በኒው ዮርክ ከተማ፥ ብሮንክስ በተባለው ክፍል የሚገኘው ኮኦፕ ሲቲ የዚህን አሠራር ጥቅምና ፈተና ባንድነት ስለሚያሳይ፥ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን።

ሰፈሩን የመሠረተው በሠራተኛ ማኅበራት የተደገፈ ዩናይትድ ሃውሲንግ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ነው። ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 መግባት ጀመሩ። ሥራው በ1973 ሲፈጸም፥ 35 ረጃጅም ሕንጻዎችና አነስተኛ ቤቶች በድምሩ 15,372 መኖሪያዎች ሆኑ።

የአባልነቱ ደንብ ለነጋዴ እንግዳ ይመስላል። ገቢው ሰው ለእያንዳንዱ ክፍል 18 አክሲዮን፥ ባንዱ 25 ዶላር ሒሳብ፥ ይገዛ ነበር፤ ስለዚህ ባለ አራት ክፍል ቤት 1,800 ዶላር ያስከፍል ነበር። አክሲዮኑ ግን ትርፍ አያስገኝም። አባሉ ቤቱን ሲለቅ፥ አስቀድሞ በገዛበት ዋጋ ለማኅበሩ ያቀርበዋል። በምርጫም ጊዜ የአክሲዮኑ ብዛት ሳይታይ ለአንድ ቤት አንድ ድምፅ ነው። በእድር ልማድ ላደገ አንባቢ ይህ ሐሳብ ሩቅ አይሆንም።

ችግሩ የመጣው በወርኃዊው መዋጮ ነው። መዋጮው የሚከፈለው ለብድሩና ለሕንጻው አስተዳደር ነው። ቤቶቹ ከመሠራታቸው በፊት ለአንድ ክፍል 23.02 ዶላር ይሆናል ተብሎ ተገምቶ የነበረው ክፍያ፥ የግንባታ ወጪና ወለድ ስለ ጨመረ፥ በሐምሌ 1974 ወደ 39.68 ዶላር ደረሰ። 57 ነዋሪዎች ክስ መሠረቱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1975፥ አክሲዮኑ የተገዛው ለመኖሪያ እንጂ ለትርፍ ስላልሆነ፥ ገንዘባቸውን ለትርፍ የሚያውሉ ሰዎችን የሚጠብቀው ሕግ አይመለከተውም ሲል ፈረደ።

በዚያው ዓመት ነዋሪዎቹ መዋጮውን ላለመክፈል አደሙ። ከአምስቱ አራት እጅ የሚሆኑት ቤተሰቦች ክፍያቸውን ለማኅበሩ መስጠት ትተው፥ በአድማው መሪዎች ዘንድ አከማቹት። አድማው 13 ወራት ቆይቶ በ1976 በስምምነት ሲፈጸም፥ የተከማቸው ገንዘብ ተከፈለ፤ የሥራ አመራሩም በነዋሪዎቹ እጅ ገባ።

ይሁን እንጂ ከሥልጣኑ ጋር ዕዳውም አብሮ ተረከበ። ትናንት ክፍያ በዛብን ይሉ የነበሩት ሰዎች፥ ዛሬ የብድሩንና የጥገናውን ሒሳብ ራሳቸው ማመዛዘን ግድ ሆነባቸው። አከራዩም ተከራዩም አንድ በሆነበት ቤት፥ ባለዕዳውና አቤት የሚባልበት ሰው ከቶ አይለያዩም።

በከተሞቻችን ቤት ለመሥራት የሚደራጁ አባላት ከዚህ የሚማሩት አለ። የአክሲዮን ወረቀት መያዝ ብቻ ባለቤት አያደርግም። መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት፥ ብድሩን ማን እንደሚዋዋል፥ ዋጋው ቢንር ጭማሪውን ማን እንደሚሸከም፥ የሒሳቡን መዝገብ ማን እንደሚመረምር በደንቡ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው የሚገኝ አባል፥ ርካሽ ቤት ብቻ ሳይሆን የራሱ የሆነ ቤት ያገኛል።