የቤተ ክርስቲያን እንጀራ በልቶ መውጣት ዕዳ ነው?

በአገራችን አንድ ልጅ «ካህን ልሆን ነው» ብሎ ከቤት ሲወጣ ሰፈሩ ሁሉ ይመርቀዋል። እናት ታለቅሳለች፣ አባት ይኮራል፣ ጎረቤት «በጸሎትህ አትርሳን» ይላል። «ለመሆኑ ይሄን ሁሉ ዓመት ማነው የሚከፍልልህ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም። ጥያቄው የሚመጣው በኋላ ነው። ያውም ልጁ ሻንጣውን ይዞ የተመለሰ ዕለት!

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ካህናቷን የምታሠለጥንበት ትምህርት ቤት ሴሚናሪ ይባላል። በእኛው አነጋገር «ዘርዐ ክህነት» ነው። በአገራችን ካቶሊኮች ጥቂት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ አንድ እንኳን አልሞሉም። ስለዚህ «እኔን ምን አገባኝ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ያገባሃል ወንድሜ! አጎትህ ያስተማረህ፣ ድርጅት ያስተማረህ፣ ውጭ አገር ያለች እህትህ ያስተማረችህ ሁሉ የዚሁ ጣጣ ተካፋይ ነህ። በሰው ገንዘብ ተምሮ በሌላ መንገድ መሄድ ምን ማለት ነው? ጉዳዩ ይሄ ነው።

«ብወጣ ሌባ፣ ብቀጥል ውሸታም»

ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝ አንድ የ24 ዓመት ወጣት የነገረኝ ነገር ነው። ሴሚናሪ ከገባ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሴት አልወደደም፣ ከማንም አልተጣላም። «ጥሪው የለኝም፤ ካህን ብሆን መጥፎ ካህን ነው የምሆነው» ይላል። ታዲያ ለምን አትወጣም? ሲባል ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል። የተኛበት አልጋ፣ የበላው ምሳና ራት፣ የተማረበት መጽሐፍ፣ ወባ ይዞት የታከመበት፣ ለእረፍት አገሩ የሄደበት የአውቶብስ ሒሳብ... ሁሉም የቤተ ክርስቲያን ነው። የመጀመሪያውን ብርድ ልብስና ጫማ የገዙለት ደግሞ የቁምስናው እናቶች ናቸው፤ ሳንቲም በሳንቲም አዋጥተው። «ብወጣ ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል፣ ብቀጥል ውሸታም ነኝ» አለኝ።

ሌላዋ ባለታሪክ የ26 ዓመት ወጣት ናት። እጮኛዋ ከሴሚናሪ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አንድ የግል ትምህርት ቤት ያስተምራል። ከዚያችው ከማትረባ ደሞዙ ላይ በየወሩ እየቆነጠረ ለብቻው ያስቀምጣል። ለቤት ዕቃ እንዳይመስላችሁ! «ያስተማሩኝን እመልሳለሁ» ብሎ ነው። ማንም አልጠየቀውም። ደብዳቤ አልመጣበትም። ሠርጉ ግን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። «ለማን ነው የምትከፍለው? ስለው፣ ለህሊናዬ ይለኛል። እኔ ታዲያ ከማን ጋር ነው የምከራከረው? ከእግዚአብሔር ጋር?» አለችኝ እንባዋ እየመጣ።

ሁለቱም አንድ ነገር አላጣሩም። ገንዘቡ ከየት እንደመጣና ለምን እንደተሰጠ። እስቲ እናጣራው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ነገሩ አሮጌ ነው። የካቶሊክ ጳጳሳት ትሬንቶ በምትባል ከተማ ባደረጉት ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1563፣ እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት ሴሚናሪ እንዲኖረው ወሰኑ። ውሳኔው ላይ የሚገርም ነገር አለ። በተለይ የድሆች ልጆች ይመረጡ ይላል። የሀብታም ልጆች አይከልከሉ፣ ግን በራሳቸው ወጪ ይማሩ ይላል። ወጪው ደግሞ ከራሷ ከቤተ ክርስቲያን ገቢ ላይ እየተቀነሰ እንዲሸፈን አዘዘ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የድሃ ልጅ በነፃ እንዲማር የታሰበው ገና ከመነሻው ነው። ለምጽዋት ያህል የተደረገለት ውለታ አይደለም፣ ሥርዓቱ ራሱ ነው።

ወደ እኛ አገርም ስንመጣ ታሪኩ አጭር አይደለም። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ትግራይ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1839 ሲሆን፣ በ1840ዎቹ በአዲግራት አጠገብ ጓላ በሚባል ቦታ የኢትዮጵያ ልጆች ለክህነት የሚማሩበት ቤት ከፍተዋል። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1919 ሮም ውስጥ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ተቋቋመ። እስከ ዛሬ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ይገኛል።

አሁንስ? የአገራችን ሴሚናሪዎች ወጪ ከአንድ ኪስ አይወጣም። ሀገረ ስብከቱ አለ፣ ምእመናን የሚያዋጡት አለ፣ ከውጭ የሚመጣ እርዳታ አለ። ከውጭ ከሚረዱት ዋናው በቅዱስ ጴጥሮስ ሐዋርያ ስም የሚጠራው ማኅበር ነው። ታሪኩን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። የጃፓኗ የናጋሳኪ ጳጳስ «ለመማር የሚፈልጉ ልጆች አሉኝ፣ ገንዘብ ስለሌለኝ ግን ልመልሳቸው ነው» ብለው ለአንዲት ፈረንሳዊት ይጽፋሉ። ዣን ቢጋር የምትባለው ይህች ሴት ከእናቷ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1889 ካን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ማኅበሩን መሠረተች። ሁለቱ ሴቶች የነበራቸውን እየሸጡና እየለመኑ ነው የጀመሩት። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1922 በቀጥታ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሥር ሆነ። ዛሬም በአፍሪካና በእስያ ላሉ ሴሚናሪዎች ከዓለም ዙሪያ እየሰበሰበ ይልካል።

የሚያስፈልገው ጊዜ ደግሞ ቀላል አይደለም። ሕጉ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍልስፍና፣ አራት ዓመት ሙሉ ነገረ መለኮት ይላል። በዚያ ላይ መጀመሪያ የሚደረግ የመዘጋጃ ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከቫቲካን የወጣው መመሪያ ይህ ጊዜ ከአንድ ዓመት እንዳያንስ፣ ከሁለት እንዳይበልጥ ይላል። ደምሩት፤ ቢያንስ ሰባት ዓመት አንድ ወጣት ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይማራል። ደሞዝ የለም፣ የሚሸጠው ነገር የለም።

የአሜሪካኖቹ ጣጣ

«ፈረንጆቹ ተመችቷቸዋል» የምንል አለን። አሜሪካ ውስጥ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ የሚገቡበት የአራት ዓመት የሴሚናሪ ኮሌጅ አለ። የዓመት ክፍያው በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። እንደየሀገረ ስብከቱ ቢለያይም፣ በኮሌጁ ዓመታት ከወጪው የተወሰነውን ቤተሰብ የሚከፍልበት፣ ወይም ተማሪው እንደማንኛውም ተማሪ የመንግሥት እርዳታና ብድር የሚጠይቅበት ብዙ ቦታ ነው። «ናይትስ ኦቭ ኮሎምበስ» የሚባለው የካቶሊክ ወንዶች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አባላቱን የሚያበረታታበት ዘዴ አለው። አንድ የአካባቢ ቅርንጫፍ ለአንድ ተማሪ 500 ዶላር ሲሰጥ ዋናው መሥሪያ ቤት 100 ዶላሩን ለቅርንጫፉ ይመልስለታል።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። እዚያ ወጣቱ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ በብድር ተዘፍቆ፣ ከዚያ «መነኩሴ ልሆን» ሲል «መጀመሪያ ዕዳህን» ይባላል። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ መክፈል የማይችለው ዕዳ ያለበትን ሰው ገዳማዊ ማኅበር እንዳይቀበል ይከለክላል። ስለዚህ የእነዚህን ልጆች የትምህርት ዕዳ ለመክፈል ብቻ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ድርጅቶች ተቋቁመዋል። የእኛው ልጅ ወጥቶ ስለ ዕዳ ይጨነቃል፣ የእነሱ ልጅ በዕዳ ምክንያት መግባት ያቅተዋል!

ሕጉ ምን ይላል?

ወደ ሁለቱ ወጣቶች ልመለስ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁለት የሕግ መጻሕፍት አሏት። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ለላቲን ሥርዓት፣ በ1990 የወጣው እንደ ግዕዝ ላሉ የምሥራቅ ሥርዓቶች ነው። ሁለቱም «ማንንም ሰው በማናቸውም መንገድ፣ በማናቸውም ምክንያት ክህነት እንዲቀበል ማስገደድ አይፈቀድም» በሚለው ይስማማሉ። እንዲያውም ከመዓርጉ በፊት እጩው በፈቃዱና በነፃነት እንደሚቀበል በጽሑፍ አረጋግጦ ይፈርማል። «ብዙ ወጪ ወጥቶብኛልና ልቀጥል» ያለ ልጅ ይህን ወረቀት ሲፈርም ምን እየፈረመ ነው? ውሸት አይደለም እንዴ?

«ከሴሚናሪ የወጣ ተማሪ የበላውን ይመልስ» የሚል አንቀጽ ግን በሁለቱም ውስጥ የለም። ገዳማዊ ማኅበር ገብተው የወጡትን በተመለከተ ሕጉ ሁለት ነገር ይናገራል። የወጣው ሰው «ይህን ሁሉ ዓመት አገልግያለሁ» ብሎ ከማኅበሩ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ማኅበሩም በበኩሉ ለወጣው ሰው ርትዕንና ፍቅርን ማሳየት አለበት። በሌላ አነጋገር፣ ማንም ማንንም በደረሰኝ አያሳድድም።

ይህን ጉዳይ ያነሳሁባቸው አንድ ሸምገል ያሉ አባ ሳቅ ብለው «ልጄ፣ እኛ ከፍለን ካህን አንገዛም። ልጁ ራሱን እንዲመረምር ጊዜ እንሰጠዋለን። መርምሮ 'አይደለሁም' ካለ ገንዘቡ ሥራውን ሠርቷል» አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ «ለቤተ ክርስቲያን የሚከብዳት የወጣው ተማሪ አይደለም፣ መውጣት ሲገባው የቀረው ነው» ሲሉ ጨመሩበት።

አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ሌላ ነው፣ የተፈረመ ውል ሌላ ነው። ሀገረ ስብከቱ ወይም ማኅበሩ ከተማሪው ጋር «ብትወጣ ይህን ያህል ትመልሳለህ» የሚል ውል ከነበረው ውሉ ውል ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚወጣ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል እንደሚፈርመው ማለት ነው። የፈረመ ሰው ወረቀቱን ያውጣና ያንብብ።

እንግዲህ ምክሬ

ለመግባት ለምታስቡ፦ ከመግባታችሁ በፊት አፍ አውጥታችሁ ጠይቁ። ጥሪ ቅዱስ ነው ብሎ ስለ ገንዘብ ማፈር አያስፈልግም። የሚከፍለው ሀገረ ስብከቱ ነው ወይስ ማኅበሩ? ቤተሰብ የሚያወጣው ምንድነው? የምፈርመው ወረቀት አለ? በመሐል ብወጣ ምን ይሆናል? የተማርኩት ትምህርትስ ውጭ ያለው ቀጣሪና ዩኒቨርሲቲ ይቀበለዋል? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። ፍልስፍና አጥንቶ ወጥቶ ከ«ሀ» የሚጀምር አለ።

ለቤተሰብ፦ ልጃችሁ ሲመለስ «አሳፈርከን» አትበሉት። ጎረቤት ሦስት ቀን ያወራል፣ ከዚያ ሌላ ወሬ ያገኛል። እሱ ግን የሚኖረው ዕድሜውን ሙሉ ነው። «ሴሚናሪ ይግባ፣ ቢያንስ በነፃ ይማራል» ብላችሁ የምትልኩም አላችሁ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው! የቁምስና እናቶች ያዋጡት ለእውነተኛ ጥሪ ነው። አውቆ ለነፃ ትምህርት ሲል የገባ ልጅ ህሊናው ቢቆረቁረው አልፈርድበትም።

ለ24 ዓመቱ ወንድሜ፦ አንተ ሌባ አይደለህም። በቅንነት ገባህ፣ በቅንነት መረመርክ። የሚቀርህ በቅንነት መናገር ነው። የነፍስ አባትህን ወይም አለቃህን ዛሬውኑ አነጋግር፤ ሻንጣህን ይዘህ በሌሊት አትጥፋ። እዚያ የምትቆይበት እያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የሚያዋጡትን እናቶች ያስወጣል። ዕዳ ከተባለ ዕዳው የሚያድገው አሁን ነው። ስትወጣ ደግሞ እነዚያን እናቶች ሂደህ አመስግናቸው። አትሸሻቸው።

ለእጮኛሞቹ፦ እህቴ፣ ከእግዚአብሔር ጋር አትከራከሪም፤ ከእጮኛሽ ጋር ነው የምትነጋገሪው። ውል ፈርሞ እንደሆነ ጠይቂው። ፈርሞ ከሆነ ሁለታችሁም ሂዱና ከሚመለከተው ሰው ጋር በግልጽ ተነጋገሩ፤ መጠኑና ጊዜው ይታወቅ። ካልፈረመ ግን አንተም ወንድሜ ስማ! መጨረሻ የሌለው ክፍያ ለህሊናም አይበጅም። መስጠት ከፈለግክ ስጦታ አድርገው፤ ለአንድ ድሃ ተማሪ ደብተርና ጫማ ግዛ፣ ዓመት በዓል ላይ ለቁምስናው አዋጣ፣ ያስተማሩህን ላቲንና እንግሊዝኛ ለሰፈር ልጆች አስተምር። የሠርጉን ቀን ግን ቁረጥ። ይህችን ልጅ ሁለት ዓመት አስጠብቀሃታል፤ እሷም ዕድሜዋን እያወጣችብህ ነው። እሱንስ በምን ልትመልሰው ነው?

ከተማሩበት ቤት የወጡ ብዙ ወጣቶች ዛሬ አስተማሪ፣ ነርስ፣ አስተርጓሚ ሆነው ይሠራሉ። የተማሩት ፍልስፍና፣ ቋንቋና ሥነ ሥርዓት አብሯቸው አለ። የገባው ገንዘብ ሰው ሆኖ ወጥቷል። የሚያሳዝነው ገንዘቡን የከፈሉት ሳይጠይቁት ራሱን በራሱ ከሶ፣ ራሱ ፈርዶ፣ ራሱን የሚያስር ወጣት ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በሰው ገንዘብ ተምራችሁ በሌላ መንገድ የሄዳችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ስማችሁ አይወጣም። ቸር ሰንብቱ!