የትናንት ተጫዋቾች በዛሬ ሊግ፦ ፍትሐዊ የቡድን ምርጫ ሕግ እንዴት ይወጣል?

በ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962) ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። የዚያ ቡድን አጥቂ መንግሥቱ ወርቁ ከኋለኛው ዘመን ተጫዋቾች ጋር ቢወዳደር ምን ያህል ግብ ያስቆጥር ነበር? ጥያቄው በሜዳ ላይ መልስ ባያገኝም በስታቲስቲክስ ሊመረመር ይችላል። አሜሪካውያን ለቤዝቦል ስትራት-ኦ-ማቲክ የተሰኘ የካርድና የዳይስ ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ አላቸው፤ ካርዱ የተጫዋቹን እውነተኛ ውጤት ወደ ዕድል ይለውጣል።

እኛም ከሐይቅ ሁለት፣ በአምባሰል ወረዳ ከምትገኘው ውጫሌ ሁለት የተማሪ ቡድኖች እንዲህ ያለ የእግር ኳስ ሊግ መሠረቱ እንበል። ለእያንዳንዱ አጥቂ 10 ቁራጭ ወረቀቶች በከረጢት ይደረጋሉ። የግብ አማካዩ 0.6 ከሆነ በ6ቱ ላይ «ግብ» ተብሎ ይጻፋል፤ በየግጥሚያው አንድ ወረቀት ይወጣል። የሊጉ ፍትሐዊነት የሚወሰነው በሚከተሉት ሕጎች ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. የናሙና መጠን

መንግሥቱ በ1962 ውድድር በ2 ግጥሚያ 3 ግብ አስቆጠረ። የዛየሩ ንዳዬ ሙላምባ በ1974 ቡድኑ ባደረጋቸው 6 ግጥሚያዎች 9 ግብ አገባ። የሁለቱም አማካይ 1.5 ነው፤ ይህ እንዳለ ቢወሰድ ከረጢቱ በሙሉ «ግብ» ይሆናል። ነገር ግን 2 ግጥሚያ የሚሰጠው ማስረጃ ከ6 ግጥሚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለሁሉም አጥቂ በአማካይ ብቃት የተደረጉ 6 ምናባዊ ግጥሚያዎች እንጨምራለን። የአጥቂዎች አማካይ 0.3 ነው ብለን ብንነሣ የምንጨምረው 1.8 ግብ ይሆናል፦

መንግሥቱ፦ (3 + 1.8) ÷ (2 + 6) = 0.6
ሙላምባ፦ (9 + 1.8) ÷ (6 + 6) = 0.9

2. የዘመን ልዩነት

በ1962 በ4 ግጥሚያዎች 18 ግብ ተቆጠረ፤ ይህም በግጥሚያ 4.5 ነው። በ2019 ግን በ52 ግጥሚያዎች 102፣ ማለትም በግጥሚያ 1.96 ብቻ ነበር። የ2019ኙ ኮከብ ግብ አግቢ ናይጄሪያዊው ኦዲዮን ኢጋሎ ቡድኑ ባደረጋቸው 7 ግጥሚያዎች 5 ግብ አስቆጠረ፤ አማካዩ 0.71 ነው። ሲታይ የመንግሥቱ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሁለቱን በየዘመናቸው አማካይ ብናካፍል ግን መንግሥቱ 0.33፣ ኢጋሎ 0.36 ያገኛሉ፤ ተቀራራቢ ናቸው። ሁለቱን ማስተካከያዎች አጣምሮ መጠቀም የሚሻ የዘመኑን ያስቀድም።

3. የምርጫ ተራ

8 አጥቂዎችን በደረጃ እንደርድር። አራቱ ቡድኖች በተመሳሳይ ተራ ሁለት ጊዜ ቢመርጡ የመጀመሪያው 1ኛውንና 5ኛውን፣ የመጨረሻው 4ኛውንና 8ኛውን ያገኛል፤ የደረጃ ድምራቸው 6 እና 12 ነው። በሁለተኛው ዙር ተራው ከተገለበጠ ግን 1+8፣ 2+7፣ 3+6፣ 4+5 ሁሉም 9 ይሆናሉ።

ሕጉ መቼ ይጽደቅ?

ከምርጫው በፊት መሆን አለበት። ምናባዊዎቹን ግጥሚያዎች ከ6 ወደ 30 ብናሳድግ የሙላምባ 0.9 ወደ 0.5፣ የመንግሥቱ 0.6 ወደ 0.375 ይወርዳል። ሙላምባን አስቀድሞ የያዘ ቡድን ይህን ቁጥር ይወስን ቢባል ለራሱ ይፈርዳል።

የመንግሥቱ ቁጥር መቀነሱ የተጫዋቹን ክብር አይነካም፤ የሚለካው የማስረጃውን መጠን ነውና። መንግሥቱ በተለያዩ የአፍሪካ ዋንጫዎች በድምሩ 10 ግብ አስቆጥሯል። ሊጉ በአንድ ዓመት ፈንታ የዕድሜ ልክ ውጤትን ቢቀበል ናሙናው ይሰፋል፤ ግምቱም ወደ እውነተኛው ብቃት ይበልጥ ይቀርባል።