የሞባይል ማማና ዋይፋይ እንዴት እንደሚተባበሩ

ቃል ከሰው ወደ ሰው የሚደርስበት መንገድ ከዘመን ወደ ዘመን ይለዋወጣል። ቀድሞ አዋጅ በነጋሪት ይነገር ነበር፤ ደብዳቤም በመልእክተኛ እግር ይሄድ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም.፥ የስልክ ሥራ በአገራችን ተጀመረ፤ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘውም መሥመር 477 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ሽቦ የማያሻው የእጅ ስልክ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ጥያቄው ስልክ መጣ ወይስ አልመጣም አይደለም፤ ማማው የሚያመጣው ዕውቀት ከተማሪው ጠረጴዛ ድረስ እንዴት ይድረስ የሚል ነው።

ሽቦ ከሌላቸው አውታሮች ሁለት ዐይነቶችን እንመልከት። የመጀመሪያው የሞባይል አውታር ነው። አገሩ እንደ ማር እንጀራ በብዙ ዐይኖች ይከፈልና እያንዳንዱን ዐይን የሚጠብቅ አንቴና በማማ ላይ ይቆማል። ከዳባት ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው በስልክ ሲነጋገር አንዱ ማማ ለሌላው እያቀበለ ንግግሩ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ሞገዱ ብዙ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ነገር ግን ሕዝብ በበዛበት ስፍራ ይጨናነቃል። ሁለተኛው ዋይፋይ የሚባለው ነው። ይህ ከግድግዳ ላይ ከሚሰቀል ትንሽ ሣጥን ይወጣል፤ ሜዳ ላይ መቶ ሜትር ያህል፥ በቤት ውስጥ ግን ከዚያ ያነሰ ይደርሳል። እንደ ቤት ምድጃ ነው፤ ያለበትን ቤት ያሞቃል እንጂ መንደሩን አያሞቅም። ብቻውንም ሆኖ ከውጭ ዓለም ወሬ አያመጣም።

እንግዲህ አንዱ ሩቅ ይሄዳል፥ ሁለተኛው በቅርብ ለብዙ ሰው ያድላል። ሁለቱን ማስተባበር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ማስተባበሩም በሁለት መንገድ ይሆናል።

የመጀመሪያው መንገድ በትምህርት ቤት አቅም የሚቻል ነው። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ሞገዱን የሚከለክሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ገደል፥ ሌላው ቆርቆሮ። ሸንተረሩ በመካከል ከቆመ ማማው ቅርብ ቢሆንም ሞገዱ በደካማው ይደርሳል ወይም ፈጽሞ አይደርስም። የቆርቆሮ ጣሪያም ሞገዱን ይመልሰዋል። ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ ስልኩን ይዞ ግቢውን ይዙር፥ ምልክቱ የሚበረታበትንም ቦታ ይለይ። በዚያ ላይ አንቴና በእንጨት ወይም በብረት ምሰሶ ፊቱን ወደ ማማው አድርጎ ይተከል፤ አጭር ገመድም ሲም ካርድ ወደሚገባበት ራውተር ያግባው። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ኀይሉ ይደክማል። ራውተሩ ከማማው የተቀበለውን በዋይፋይ ለክፍሉ ያድላል። መብራት በሌለበት የፀሐይ ኀይል ሰሌዳና ባትሪ ይበቃዋል። በክረምት መብረቅ ስለሚበዛ ምሰሶው በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት፤ ይህንንም ሥራ የሚያውቅ ሰው ይሥራው።

ሁለተኛው መንገድ የስልክ ድርጅቱ ሥራ ነው። በሲም ካርዱ ውስጥ ምስጢራዊ ቁልፍ አለ፤ ማማው ደንበኛውን የሚያውቀው በዚህ ነው። ድርጅቱ ማማውንና ዋይፋዩን ካስተባበረ ዋይፋዩም በዚያው ቁልፍ ሰውየውን ይለያል። ባለ ማኅተም ደብዳቤ የያዘ መልእክተኛ በየኬላው እንደሚያልፍ፥ ስልኩም የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ስልኩና ድርጅቱ ከፈቀዱ የስልክ ንግግርም በዋይፋይ በኩል ሊሄድ ይችላል። ጥቅሙ በገበያ ቀን ይታያል፤ ማማው ሲጨናነቅ ዋይፋዩ ሸክሙን ይካፈላል።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ዋይፋይ ከማማው የመጣውን ያከፋፍላል እንጂ አያበዛም። አንድ የዳታ ሒሳብ ለአርባ ተማሪ ሲካፈል አንድ ረጅም ፊልም የሌላውን ድርሻ ይበላል። ስለዚህ የይለፍ ቃሉ በአንድ መምህር ኀላፊነት ይጠበቅ፤ ፊልም ይከልከል፤ የተከፈለውም ገንዘብ ወላጆች በሚያዩት መዝገብ ይጻፍ።

ከሁሉም የሚበልጠው ምክር ይህ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለብዙ ወራት ቆየ። በማማው ብቻ የተማመነ ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ። ዋይፋይ ግን ማማው ዝም ቢልም በግቢው ውስጥ መሥራቱን አይተውም። ስለዚህ ከራውተሩ ጋር አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር ይያያዝ፤ ማማው በሚሠራበት ጊዜ የመማሪያ መጻሕፍትና፥ ኪዊክስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም፥ ውክፔዲያ በውስጡ ይከማች። ተማሪዎቹም ያለ ኢንተርኔት፥ ያለ ክፍያ፥ በዋይፋይ ያነቡታል። በመኸር ጎተራውን የሞላ ገበሬ በክረምት አይራብም።

ሽማግሎች ምሰሶው የሚተከልበትን ቦታ በመምረጥና ንብረቱን በማስጠበቅ፥ መምህራንም ጎተራውን በመልካም ዕውቀት በመሙላት ቢተባበሩ፥ ከሸንተረር በስተጀርባ ያለው ልጅ በከተማ ያለው ልጅ የሚያነበውን መጽሐፍ ያነባል።