የእንፋሎት ዘመን ፈልሳፊን ለጨዋታ ስለ መፍጠርና ስለ ማልበስ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በገጸ ባሕርይ ጨዋታ ውስጥ የቪክቶሪያ ዘመን ፈልሳፊ ሆኖ ለመጫወት የሚፈልግ ሰው ገጸ ባሕርዩን እንዴት እንደሚፈጥርና እንዴት እንደሚያለብሰው በአጭሩ ለማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። በገጸ ባሕርይ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ልብ ወለድ ሰው ጠባይና ታሪክ ይዞ በዚያ ሰው ፈንታ ይናገራል፤ ይወስናልም። ከመካከላቸው አንዱ መሪ ሆኖ የሚደርስባቸውን ነገር ይተርካል። ለዚህ ዓይነት ጨዋታ መንገድ የከፈተው በ1974 በአሜሪካ የታተመው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ስቲምፓንክ የሚለውን ስም ደግሞ በ1987 ኬ. ደብልዩ. ጄተር የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ ለአንድ መጽሔት በጻፈው ደብዳቤ አወጣው። ስቲም ማለት እንፋሎት ነው። የዚህ ዓይነቱ ድርሰት መነሻ፣ እንፋሎትና የነሐስ መዘውር ዛሬ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሁሉ ሠርተው ቢሆን ኖሮ ዓለም ምን ትመስል ነበር የሚል ጥያቄ ነው። ዘመኑም አብዛኛውን ጊዜ ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን የገዛችበት፣ ከ1837 እስከ 1901 ያለው ነው።

እኛ ይህን ጨዋታ ስንጀምር አንድ ስሕተት ሠርተናል። ከመካከላችን አንዱ ጥርስ ያላቸው የሰዓት መዘውሮች በባርኔጣው ላይ ለጥፎ፣ ትልቅ መነጽር በግንባሩ ላይ አድርጎ መጣ። ሁላችንም አደነቅነው። ነገር ግን መሪው «መዘውሮቹ ምን ያዞራሉ?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ መልስ አጣ። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር እንኳ ሳይወስን ቀረ። ልብስ ከሥራ ይወጣል እንጂ ሥራ ከልብስ እንደማይወጣ የተረዳነው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ አሁን ልብስ ከመፈለጋችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቃለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ሰውየው ምን ይሠራል? የሚል ነው። መሐንዲሱ ብሩኔል በ1857 የተነሣው ፎቶግራፍ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ረጅም ባርኔጣ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው ደፍቷል፤ ሱሪውና ጫማው ግን ጭቃ ነክቷቸዋል፤ ከበስተኋላውም ግሬት ኢስተርን የተባለው መርከብ ግዙፍ ሰንሰለት ይታያል። ጭቃው ማን እንደ ሆነ ይናገራል።

ሁለተኛው፣ ምን ጎደለው? የሚል ነው። ቻርልስ ባቤጅ የሒሳብ መኪናውን ለመሥራት ከመንግሥት ከ17,000 ፓውንድ በላይ ወጥቶለት ነበር፤ ነገር ግን ሳይጨርሰው መንግሥት በ1842 ሥራውን ተወው። በኋላ የነደፈውን ሁለተኛውን መኪና የለንደን ሳይንስ ሙዚየም በ1991 ቢሠራው በትክክል አሰላ። እንግዲህ ባቤጅ የጎደለው ዕውቀት አልነበረም።

ሦስተኛው፣ ለማን ይሠራል? የሚል ነው። ወደዚህ በኋላ እንመለሳለን።

ለምሳሌ ያህል እኛ የፈጠርናትን ገጸ ባሕርይ እናቅርብ። በ1865 በማንቸስተር የምትኖር ባለትዳር ናት። በዚያ ዘመን የእንፋሎት ጋን እየፈነዳ ብዙ ሠራተኛ ይገድል ስለ ነበር፣ በዚያችው ከተማ በ1854 ይህን ለመከላከል ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። የእኛዋ ፈልሳፊ እንፋሎቱ ሲበዛ ራሱ የሚያስተነፍስ መክደኛ ሠርታለች። ይሁን እንጂ ያገባች ሴት የራሷን ንብረት እንደ ልብ እንድትይዝ የፈቀደው ሕግ የወጣው በ1882 ስለ ሆነ፣ የሥራዋ ጥቅም በባሏ እጅ ነው።

ልብሷ ከዚህ ታሪክ ወጣ። በዘመኑ ሴቶች በብረት ቀለበት የተወጠረ ሰፊ ቀሚስ ይለብሱ ነበር፤ በመኪና አጠገብ ግን አደገኛ ስለ ሆነ እርሷ ቀለበቱን አውጥታ ጫፉን በቀበቶ ሰብስባዋለች። ቀሚሱ ሐምራዊ ነው፤ ይህን ቀለም በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት የወባ መድኃኒት ሲፈልግ በአጋጣሚ ያገኘው ነውና፣ ልብሱ ራሱ የዘመኑን ኬሚስትሪ ይመሰክራል። ከላይ የቆዳ ሽርጥ አለ፤ በስተቀኝ ብቻ ተቃጥሏል፤ መክደኛውን የምትከፍተው በቀኝ እጇ ነውና። መነጽሯ ዓይኗን ከእንፋሎትና ከከሰል ብናኝ ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ ለማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ነጭ ሸሚዝ በወፍራም ሻይ ውስጥ ሲነከር ያረጀ ይመስላል። ካርቶን መጀመሪያ ጥቁር ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ የወርቅ ቀለም በጨርቅ ቢታሽበት ነሐስ ይመስላል። ሰልባጅ ኮትም ቁልፉ ቢለወጥ ይበቃል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንመለስ። በጨዋታችን አንድ የጦር መኮንን ወደ ፈልሳፊዋ መጥቶ፣ መክደኛውን ለጦር ሠረገላ ብትሰጥ በስሟ እንደሚያስመዘግብላት ቃል ገባ። እኛም ሁለት ወገን ሆነን ተከራከርን። ያን ጊዜ አንዱ ጓደኛችን የጋፋትን ነገር አነሣ። በ1860ዎቹ፣ ወንጌልንና የእጅ ሥራን ለማስተማር የመጡ አውሮፓውያን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተቀምጠው በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ መድፍ አቀለጡ፤ ሴባስቶፖልም በእጃቸው ተሠራ። በ1868 ደግሞ የቪክቶሪያ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከዙላ ጠረፍ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። ስለዚህ የእንፋሎት ዘመን ለእኛ የሩቅ አገር ተረት ብቻ አይደለም፤ አያቶቻችን ያዩት ከመድፉና ከሐዲዱ በኩል ነው።

ክርክራችን እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ። በመጨረሻ ገጸ ባሕርይዋን የያዘችው እኅታችን የመኮንኑን ወረቀት ሳትፈርም መለሰችው፤ መክደኛው ዛሬም በባሏ ስም ነው። ሽርጧን ግን ከዚያ ወዲህ ባየነው ቁጥር የተቃጠለው ቦታ ምን እንዳስከፈላት እናስታውሳለን። አንባቢም ገጸ ባሕርይ ለመፍጠር ሲነሣ ሦስቱን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፎ መልስ ሳይሰጥ ባርኔጣ እንዳይገዛ እንመክራለን።