ደመናው ሳይሆን ጓዙ

የኒውክሌር ቦምብ ሙከራ ሲነሳ በአብዛኞቻችን አእምሮ የሚመጣው እንጉዳይ የመሰለው ደመና ነው። ደመናው ግን የጥቂት ደቂቃ ነገር ነው። ከእሱ በፊት ወራት፣ ከእሱ በኋላ ደግሞ ዓመታት አሉ። ለመሆኑ በውቅያኖስ መሐል፣ ወደብና የመጠጥ ውኃ በቅጡ በሌለበት ደሴት ላይ ያን ሁሉ ሥራ የሠራው ማን ነው? ምግቡን ማን አበሰለ? ነዳጁን ማን ጫነ? ሲያልቅስ ማን ጠረገ?

ለኢሉባቦር ልጅ ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። በኡካ ስናድግ ከአዛውንቶች አፍ የማይጠፋው የጋምቤላ ወሬ ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1902 ከአፄ ምኒልክ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ያዙ። ከካርቱም የሚመጣው መርከብ የሚደርሰው ወንዙ በሚሞላበት ወራት ብቻ ነበር። ጨውና ጨርቁ ሽቅብ ወደ ጎሬ፣ ቡናው ቁልቁል ወደ ወንዙ የሚጓዘው ግን በበቅሎና በሰው ጫንቃ ነው። ታሪክ የጻፉት ስለ መርከቡና ስለ ቆንስላው እንጂ ስለ ተሸካሚው እምብዛም አይደለም። የፓስፊክ ደሴቶች ነገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1946 በቢኪኒ ደሴቶች ሁለት ቦምብ ለማፈንዳት ወደ 42 ሺህ የሚጠጋ ሰው፣ ከ240 በላይ መርከቦችና ከ150 በላይ አውሮፕላኖች አሰማርተዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የመቱ ከተማ ነዋሪ ሠላሳ ሺህ እንኳ አልሞላም። ሁለት ቦምብ ለማፈንዳት ከመቱ የሚበልጥ ከተማ በባሕር ላይ ተመሠረተ ማለት ነው። የዚህ ከተማ አብዛኛው ነዋሪ ሳይንቲስት አልነበረም። መርከበኛ፣ ወጥ ቤት፣ መካኒክ፣ ሬዲዮ ኦፕሬተር፣ ጸሐፊ፣ ጠላቂ ዋናተኛ ነበር። ቦታው እንዲለቀቅ ደግሞ 167 የቢኪኒ ተወላጆች በመጋቢት ወር ሮንገሪክ ወደምትባል ሌላ ደሴት ተወስደዋል። ለጊዜው ነው ተብለው ነበር የሄዱት። ሮንገሪክ ምግብ አልበቃቸውም፤ ተርበው ከዚያም ተነሱ።

ሁለተኛው ፍንዳታ ከውኃ በታች ነበር። የተረጨው የተመረዘ ውኃ ለዒላማ በቆሙት መርከቦች ላይ ወረደ። እዚህ ላይ ነው የእቅዱ ቀዳዳ የታየው። የማፈንዳቱ ሥራ በደቂቃ ሳይቀር ታቅዶ ሳለ፣ የተበከለ መርከብ እንዴት እንደሚጸዳ ይህ ነው የሚባል እቅድ አልነበረም። ወጣት መርከበኞች ቱቦና ብሩሽ ይዘው የመርከቦቹን ወለል ፈገፈጉ። ጨረሩ ግን በሳሙና የሚለቅ ቆሻሻ አይደለም። ይባስ ብሎ ሠራተኞቹ ያረፉባቸው መርከቦች የመጠጥና የመታጠቢያ ውኃ የሚያጣሩት ከዚያው ባሕር ስለነበር ብክለቱ በየቧንቧው ገባ። በመጨረሻም ታስቦ የነበረው ሦስተኛ ሙከራ ተሰረዘ።

ከዚህ ሁሉ ሰው ጨረር የሚመዘግበውን አነስተኛ የፊልም ባጅ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያገኘው 15 በመቶ ያህሉ ነው። ለቀሪው የተወሰደው መጠን በኋላ በስሌት ተገመተ። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ታሪክ ቁልፍ ያለው ከቦምቡ ይልቅ በዚህች ባጅ ውስጥ ነው። ምክንያቱም ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ በካንሰር የታመመ ሰው ካሳ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው መረጃ ነው። ባጅ ያልተሰጠው ሰው ምን ያቀርባል?

ማን አስቀድሞ እንደሚነሳም የሚወስን ሰው አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1954 ብራቮ የተባለው ቦምብ 6 ሜጋ ቶን ይሆናል ሲባል 15 ሜጋ ቶን ሆኖ ፈነዳ። በሮንገሪክ የአየር ጠባይ ጣቢያ የነበሩት 28 አሜሪካውያን በማግስቱ ተነሱ። ይበልጥ ለፍንዳታው ቅርብ የነበሩት የሮንገላፕ ነዋሪዎች የወጡት ከእነሱ በኋላ ነው፤ አመዱ ልጆቻቸው ላይ ወርዶ ቆዳቸውን ካቃጠለ በኋላ።

እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያዎቹን የሃይድሮጂን ቦምብ ሙከራዎች ያካሄዱት ማልደን በምትባል ሰው አልባ ደሴት አጠገብ ነው። ዋናው ካምፕ ግን 700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በክሪስማስ ደሴት ነበር። ሁለት ቦታ ማደራጀት ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ በዚያው ዓመት ኅዳር ሙከራውን ሺዎች ወደሚያድሩባት ወደ ክሪስማስ ደሴት አዛወሩት። የሂሳብ ሠራተኛ ቢጠየቅ ትክክል ነው ይላል። ከደሴቲቱ ዳርቻ ጀርባቸውን ሰጥተው ዓይናቸውን ሸፍነው እንዲቀመጡ የታዘዙት ግን የግዳጅ አገልግሎት ወጣቶች ናቸው። ከፊጂ የመጡ ወታደሮችና መርከበኞች፣ ከኒውዚላንድም በሁለት የጦር መርከብ የመጡ 551 ሰዎች በዚህ ዘመቻ ተሳትፈዋል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አልነበረም። ፈረንሳይ ወደ ፓስፊክ ከመዞሯ በፊት ሙከራዋን የጀመረችው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1960 በአልጄሪያ ሰሐራ ነው። በዚያም ከአካባቢው የተቀጠሩ የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ። በዓመቱ ማለትም እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኒውክሌር መሣሪያን መጠቀም የቻርተሩ ጥሰት ነው ብሎ በ55 ድምፅ ድጋፍ፣ በ20 ተቃውሞና በ26 ድምፀ ተአቅቦ ወሰነ። ይህን የውሳኔ ሐሳብ በመሪነት ያቀረበችው ኢትዮጵያ ናት። ብዙ አልተወራለትም እንጂ በዲፕሎማሲ ታሪካችን ትንሽ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ሙከራን ሙሉ በሙሉ የሚያግደውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1996 ፈርማ በ2006 አጽድቃለች። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በፉሪ የሚገኘው የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያም በስምምነቱ የክትትል መረብ ውስጥ በረዳት ጣቢያነት ተመዝግቧል። ይህ ጣቢያም ቢሆን ኤሌክትሪክና ጠጋኝ ይፈልጋል።

ፈረንሳይ በፖሊኔዥያ እስከ 1996 ድረስ 193 ጊዜ አፈነዳች። የካሳ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛው ማመልከቻ ውድቅ ሆኗል። እንግሊዝ ለሙከራው ተሳታፊዎች ሜዳሊያ የፈቀደችው በኅዳር 2022 ነው፤ ያኔ በሕይወት ያሉት ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

በኤነዌታክ ደግሞ ከ1977 እስከ 1980 ድረስ ከ4 ሺህ በላይ አሜሪካውያን የተበከለ አፈር እየዛቁ ሩኒት በተባለች ደሴት በፍንዳታ ጉድጓድ ውስጥ ሞልተው በኮንክሪት ደፈኑት። ብዙዎቹ በዚያ ሙቀት በቁምጣ ነበር የሚሠሩት። እነዚህ ሰዎች ፍንዳታ ስላላዩ ከጨረር ተጋላጮች ዝርዝር ለአርባ ዓመታት ያህል ውጭ ሆነው ቆዩ። ሕጉ የተሻሻለው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ነው።