መርፌ ለምትፈሪ እህቴ፦ ክትባት ስትወስጂ ምን ያጋጥምሻል?



ቤሩት ውስጥ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ ዛሬ ደግሞ እንደኔው ለሥራ የመጡ እህቶችን አማክራለሁ። የክትባት ነገር ሲነሳ ብዙዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ እኮ መርፌ እፈራለሁ» ይሉኛል። «እዚያው ብወድቅ ታማሚ ናት ብለው ወደ አገሬ ይመልሱኛል» ብላ የምትሰጋም አለች። በዚህ ምክንያት የሚጠቅማትን ክትባት ሳትወስድ ትቀራለች። ስለዚህ ምን እንደሚሆን በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ለምን ያዞረኛል?

መርፌ መፍራት የድፍረት ማነስ አይደለም። አንዳንድ ሰው መርፌ ወይም ደም ሲያይ መጀመሪያ ልቡ ይመታል፤ ከዚያ ምቱ በድንገት ይቀንሳል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለጥቂት ጊዜ ሲያንስ ላብ ያጠምቃል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ራስን መሳት ይመጣል። ሰውየው ጋደም ሲል ደሙ ይመለስና ይነቃል። ይህን ነርሶች ሁልጊዜ ያዩታል። ዋናው አደጋ ወድቆ ጭንቅላትን መመታት ነው፤ መፍትሔውም ተኝቶ መወጋት ነው።

ከመሄድሽ በፊት

ቁርስ ብዪ፣ ውሃ ጠጪ። ባዶ ሆድ ማዞርን ያብሳል። ጾም ላይ ከሆንሽ ቀጠሮው ከጾሙ ሰዓት በኋላ እንዲሆንልሽ ጠይቂ፤ ካልተቻለ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። እጅጌው በቀላሉ ወደ ላይ የሚሰበሰብ ልብስ ልበሺ።

ክፍሉ ውስጥ

ከሁሉ በፊት ፍርሃትሽን ተናገሪ። «ብኻፍ ምነል ኢብሬ» ማለት መርፌ እፈራለሁ ማለት ነው። «በዲ እትሰጠሕ» ካልሽ መተኛት እፈልጋለሁ ብለሻል። ሲያዞርሽ «አና ዳይኻ» በዪ።

ቀጥሎ ምን እንደምትወጊ ጠይቂ፦ «ሹ ሃል ኢብሬ?» የክትባቱን ስም ሳታውቂ መወጋት የለብሽም። መርፌው አዲስና የታሸገ መሆኑን፣ ከማሸጊያው ሲወጣም ማየት ትችያለሽ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ልትሆኚ ትችያለሽ ብለሽ ካሰብሽ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ መድኃኒት ወይም ምግብ የማይስማማሽ ከሆነ ለነርሷ ንገሪያት። ማዳም አጠገብሽ ቆማ መናገር ከከበደሽ ነርሷ ለብቻሽ እንድታነጋግርሽ ለምኛት።

ለኢቃማ ምርመራ ደም የሰጠሽበትን ቀን አስታውሰሽ አትፍሪ። በክትባት ደም አይቀዳም። ነርሷ ከትከሻሽ ዝቅ ብሎ ያለውን ጡንቻ በአልኮል ትጠርጋለች፣ ትወጋለች፣ ጥጥ ታደርግበታለች። የመወጋቱ ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። መርፌውን ማየት የለብሽም፤ ፊትሽን ወደ ሌላ አዙሪ።

ራስሽን የምትስቺ ከሆነ ይህን አድርጊ

የእግርሽን፣ የሆድሽንና የማትወጊበትን እጅ ጡንቻ ጥብቅ አድርጊ። ፊትሽ ሞቅ እስኪልሽ፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያዢው። ከዚያ ልቀቂው፤ 20 ወይም 30 ሰከንድ ቆይተሽ ድገሚው። አምስት ጊዜ ያህል ይበቃል። ይህ የደም ግፊትሽ እንዳይወርድ ያግዛል። የምትወጊበትን ክንድ ግን ዘና አድርጊው፤ የተወጠረ ጡንቻ ይበልጥ ያማል። ማታ ማታ አልጋሽ ላይ ሆነሽ ብትለማመጂው ቀኑ ሲደርስ አይከብድሽም።

ከተወጋሽ በኋላ

ቶሎ አትነሺ፤ 15 ደቂቃ እዚያው ቆይ። ክንድሽ ሊያምሽ፣ ቀላል ትኩሳትና ድካም ሊኖርሽ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት፣ ክንድሽን ቀስ ብለሽ አንቀሳቅሺው። የሚያምሽ ከሆነ ስለ ፓናዶል ነርሷን ጠይቂ። ያን ቀን ወንበር ላይ ወጥተሽ መስኮት አትወልውዪ፣ በረንዳ ጫፍ ላይ አትሥሪ፣ ምንጣፍ አታንሺ። ይህን ነርሷ ራሷ ለማዳም እንድትነግርልሽ አድርጊ።

ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ መተንፈስ ካቃተሽ፣ ሰውነትሽ በሙሉ ሽፍ ካለ ግን አትጠብቂ። ይህ ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን ወዲያው ሕክምና ይፈልጋል። ሊባኖስ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 140 ነው።

ካርድሽን ያዢ

አንዳንድ ክትባት በአንድ ጊዜ አያልቅም። ሽማግሌና ሕመምተኛ ለምትንከባከቡ እህቶች የሚጠቅመው የጉበት በሽታ (ሄፓታይተስ ቢ) ክትባት አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይሰጣል። ቤት ብትቀይሪ ካርዱ ማዳም ዘንድ እንዳይቀርብሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ለምታምኛት እህትም ላኪላት።

ፍርሃትሽ ሳይጠፋም መከተብ ትችያለሽ። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ ንገሪን፤ ከእኛ አንዷ አብራሽ ትሄዳለች። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።