ጠርሙስና የወንድ ልብ

በደቡብ ኦሞ የሐመር ጎረምሳ ለትዳር መብቃቱን የሚያስመሰክረው፣ ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ ጎን ለጎን በቆሙ ከብቶች ጀርባ ላይ ሳይወድቅ በመመላለስ ሲሆን፣ በጂንካ ግሮሰሪዎች ቴሌቪዥን ይታይ የነበረው የቢራ ማስታወቂያ ግን፣ በሴት ፊት አንደበቱ የሚተሳሰርበትን፣ እምቢታን አብዝቶ የሚፈራውን ወጣት፣ ያለ ድካምና ያለ ፈተና፣ ብርጭቆ በማንሳት ብቻ ተወዳጅ እንደሚሆን ያባብለው ነበር። ጠርሙሱ ሲከፈት ቆነጃጅት ፈገግ ይላሉ፤ ብቸኛውም በወዳጆች ይከበባል። ይህ ፍጹም ሐሰተኛ ስብከት ነው፤ አልኮል ፍርሃትን ለጊዜው ቢያደነዝዝም ማስተዋልንም አብሮ ይነጥቃልና። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን፣ ሽያጩንም ከ21 ዓመት በታች ላሉት መከልከሉ እጅግ የሚመሰገን ነው። የጂንካ አባቶች ሆይ፣ ለኮረዳ በአክብሮት፣ ባልሰከረ አንደበት መናገርን ለልጆቻችሁ እናንተው አስተምሯቸው።